ክንፉን የሰፋሁት እኔ ነበርኩ

ባለፈው ቅዳሜ ከአጠና ተራ ወደ ቤቴ ስመለስ አንድ የቤት ዕቃ መሥሪያ ደጃፍ ላይ እግሬ አልሄድ አለኝ። የጉልበቴ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ እሱማ አመሉን ካወጣ ሰንብቷል። ያቆመኝ ሽታ ነው። ሠራተኞቹ የቁም ሣጥን በር ቨርኒሽ ይቀቡ ነበር፤ ከቲነር ጋር የተደባለቀው ሽታ አፍንጫዬን ሰንጎ ይዞ ሠላሳ ዓመት ያህል ወደ ኋላ ጎተተኝ። አንደኛው ብሩሹን አስቀምጦ፣ «እማማ፣ አመመዎት እንዴ? ወንበር ላምጣልዎት?» አለኝ። «አይ ልጄ፣ ትንሽ ላሽትተው ብዬ ነው» አልኩት። ከጓደኛው ጋር ተያይተው ሳቁ። ይሳቁ። የወንድሜ ክንፍ እንዲህ ይሸት እንደነበር እነሱ በምን ያውቃሉ? ወንበሩን ግን አምጥተውልኝ ቁጭ አልኩ፤ ቨርኒሹ እስኪደርቅም አልተነሳሁ።

ወንድሜ ሸምሱ ከሞተ በዚህ ወር ዓመት ሞላው። ቢበልጠኝ አራት ዓመት ነው፤ ግን እናትና አባታችን ተከታትለው ሲሄዱብን ራሱን አባት አድርጎ ሾመ። ጺም ያላበቀለ አባት። ከሥራ በዘይት የጨቀየ ቱታውን እንደለበሰ ይመጣና ደብተሬን ያገላብጣል፤ ስህተት ቢያይ የሚያውቀው ይመስል። ትምህርቱ አልሆን ሲለኝ በእግር የምትሠራ ጥቁር የስፌት መኪና ገዝቶ አንዲት ጠባብ ሱቅ ተከራየልኝ። «ዘይነባ ልብስ ስፌት» የሚለውን ቆርቆሮ ላይ የጻፈው ራሱ ነው። ግራኝ ስለነበር ፊደሎቹ ሁሉ ወደ ግራ ያዘነብላሉ፤ ደንበኛ ሁሉ «ይቺ ሱቅ ልትወድቅ ነው እንዴ?» እያለ ያሾፍብን ነበር። በዚህ ዓለም ላይ የነበረኝ ሰው እሱ ነው። ይህን ሳታውቁ የሚቀጥለውን ብነግራችሁ ትፈርዱብኛላችሁ። አውቃችሁም ትፈርዱብኝ ይሆናል።

ያኔ ኮልፌ እንዲህ አልነበረችም። ዛሬ ፎቅ የበቀለበት ሁሉ የቆርቆሮ አጥር ነበር፤ ወደ ቀራንዮ ሲወረድ ደግሞ ገብስና ባቄላ። ውይይት ታክሲ ላይ ፊት ለፊት ተፋጠን ስንቀመጥ ጉልበት ለጉልበት ይነካካል፤ እስክንወርድ ድረስ የማናወራው የሰው ጉድ የለም። ሻይ በሃያ አምስት ሳንቲም፣ ቦምቦሊኖ በዚያው ግድም። ሰልባጅ ገና ገበያውን ስላላጥለቀለቀው ሰው ልብሱን አሰፍቶ ነበር የሚለብሰው። ዒድ ወይም ፋሲካ ሲቃረብ ሱቄ ውስጥ መቆሚያ አይገኝም፤ ለሴቶቹ ትከሻው የተነፋ ቀሚስና ባለ ፕሊሴ ጉርድ፣ ለወንዶቹ ወገቡ ላይ የተሸበሸበ ሰፊ ሱሪ። ለአንድ ጉርድ ስድስት ብር ጠይቄ «ሌባ» ተብያለሁ፤ ዛሬ በስድስት ብር ቁልፍ አይተከልም። ከጎኔ ካሴት ቤት ነበር። ባለቤቱ ካሴቱን በእስክሪብቶ እያጠነጠነ ቀኑን ሙሉ ያጫውታል፤ የጉራጊኛው ጭፈራ ሲመጣ እግሬ ፔዳሉ ላይ ሳላውቀው ይፈጥናል፣ የሰው ሱሪ ጠማማ ስፌት ይዞ ይወጣል። አሁን እዚያ ቤት ሞባይል ይጠገናል።

ሸምሱ የቮልስ መካኒክ ነበር፤ ጋራዡም የገዛ ግቢው ነው። ከዚያ በፊት ግን ጥቂት ዓመት በአንድ የአውሮፕላን ጥገና ቤት ብሎን ሲፈታና ሲያስር ከርሟል። ለምን እንደወጣ አትጠይቁኝ፤ ሰው ሳያጠፋ የሚወጣበት፣ ሳያውቅ የሚሾምበት ዘመን ነበር። ከዚያ ይዞ የወጣው ሁለት ነገር ነው፤ አንድ ልማድና አንድ የማይለቅ በሽታ። በሽታው መብረር ነው። አንድ እሁድ የተገነጠለ የቮልስ ሞተር ፊት ተቀምጦ፣ «ዘይኑ፣ ይሄ ሞተር ውሃ አይፈልግም፣ ንፋስ ይበቃዋል። ለሰማይ የተሠራ ነው እኮ፤ ሰዎቹ መሬት ላይ አስቀሩት እንጂ» አለኝ። ሳቅሁበት። በሳምንቱ ጎረቤታችን ማርቆስ የብየዳ ማሽኑን እየጎተተ ሲገባ ሳቄ ቆመ። ማርቆስ ከከምባታ መጥቶ ኮልፌ የከረመ በያጅ ነው፤ ቁም ነገረኛ፣ ካልጠየቁት የማይናገር። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሁድ እሁድ እሱ ከቤተ ክርስቲያን እንደወጣ፣ ሸምሱ ቁርሱን እንደበላ፣ ሌላው ካርታ ሲጫወት እነሱ አውሮፕላን ሊሠሩ ቱቦ ይቆርጣሉ፣ ይበይዳሉ፣ ይለካሉ፣ ይጨቃጨቃሉ። ፕሮፔለሩን ራሱ ሸምሱ ነው ከጣውላ ያነባበረውና የጠረበው፤ ሁለት ጊዜ አበላሽቶ ሦስተኛው ሆነ። መንደሩማ ቀልድ ተገኘ ብሎ አበደ። «ሸምሱ፣ መካ በራስህ ልትሄድ ነው?» ይሉታል፤ እሱም «መካ ለመሄድ መጀመሪያ ከኮልፌ መነሳት አለብኝ» ይላቸዋል።

ክንፉ ግን የኔ ነው። ማርቆስ ብረቱን፣ ሸምሱ ሞተሩንና እንጨቱን፣ እኔ ጨርቁን። የክንፉ ጎድን ከሳሳ እንጨት ነበር፤ በላዩ ጥቅጥቅ ያለ የጥጥ ጨርቅ ከላይም ከታችም ይለብሳል፤ ከዚያ ጨርቁ ከጎድኑ ጋር በክር ይሰፋል። ክሩን በሰም እያሸሁ፣ በፍራሽ መርፌ ከላይ ወደ ታች እሰዳለሁ። ከክንፉ ስር የሸምሱ ሚስት ሉባባ በጀርባዋ ተንጋላ መርፌውን ትቀበልና መልሳ ትልክልኛለች። «ዘይኑ፣ ዓይኔን አጠፋሽው!» ትላለች፤ በየአራት ጣቱ አንድ ቋጠሮ፣ በየቋጠሮው አንድ ሳቅ። አንድ ክረምት ሙሉ እንዲሁ ሰፋን። ከዚያ ሸምሱ ቨርኒሹን በቲነር አቅጥኖ ቀባው። የአውሮፕላን ጨርቅ የሚቀባው ዋናው ቀለም እዚህ አይገኝም፤ የቨርኒሹን ዘዴ ከራሱ አውጥቶ፣ በቁራጭ ጨርቅ ላይ ስንት ጊዜ ሞክሮ ያገኘው ነው። ሲደርቅ ጨርቁ ተወጥሮ ከበሮ ሆነ። በጣቱ መታ መታ አድርጎ፣ ጆሮውን አስጠግቶ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ያን ፊቱን ከዚያ በኋላ ያየሁት ልጁ ስትወለድ ብቻ ነው።

ከጥገና ቤቱ ይዞት የወጣው ልማድ ደግሞ እንዲህ ነው። እዚያ ጥገና ቤት አንድ ሽማግሌ አለቃ ነበራቸው አሉ። አውሮፕላኑ ከመነሳቱ በፊት እያንዳንዱ ሰው የሠራውን ነገር በገዛ እጁ ይዞ ይጎትትና በአፉ «ይዟል» ይላል። መፈረሙ አይበቃም፣ መናገር አለበት። ሠሪው «አልያዘም» ካለ ነገሩ አለቀ፤ አይነሳም፤ ሌላ ሰው ሄዶም አይነካካውም። «የሠሪን ቃል መፈተሽ ሠሪውን መስደብ ነው» ይል ነበር ሸምሱ። ጋራዡ ውስጥም ያው ነው። ፍሬን የሠራው ሠራተኛ «ይዟል» ሳይል መኪና ከግቢው አይወጣም፤ ባለመኪናው ቢቸኩል፣ ቢቆጣ፣ ሸምሱ እጁን አጣምሮ ይቆማል። እኔንም አስለምዶኝ የሰው ኮት ቁልፍ ተክዬ ሳስረክብ ጎትቼ «ይዟል» እል ነበር። ደንበኞቼ ዱአ እያደረግኩ ይመስላቸዋል።

የሚመለከታቸው ሰዎች ዘንድ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ አላህ ይወቅ። በመጨረሻ አንድ የመብረር ፈቃድ ደብዳቤ ተሰጠው፤ ለአንድ እሁድ ጠዋት ብቻ፣ ከቀራንዮ ወዲያ ካለው ሜዳ ሳይወጣ፣ ከዛፍ ጫፍ ሳያልፍ። ለኛ ያ ወረቀት የሠርግ ጥሪ ነበር። ከዚያ እሁድ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ግን አውሮፕላኗን መሬት ለመሬት ብቻ ሊያስሮጣት ወጣ። እኔና ሉባባም ሄድን፤ የሉባባ እርግዝና ሰባት ወር ገብቷል። አውሮፕላኗ ሮጠች፣ ፈጠነች፣ አንድ ጉድጓድ ነካችና ሳትታሰብ ከመሬት ተፈናጠረች። ከሰው ቁመት አትበልጥም ከፍታዋ፤ መልሳ ስትወድቅ ግን የአንዱ ጎማ ማቀፊያ ብረት ተሰብሮ ዞረች፤ የሸምሱ ግንባር ከብረቱ ጋር ተጋጨ። ደሙ በአፍንጫው እየወረደ፣ ጥርሱ ሁሉ ቀልቶ፣ እየሳቀ ወጣ። «አየሽ ዘይኑ? አየሽ? ለቀቀችኝ እኮ! መሬት ለቀቀችኝ!» ይላል። ሉባባ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ መሬት ላይ ቁጭ ብላለች። ማርቆስ ብቻውን ጎማውን እያነሳ፣ «አየሩ እዚህ ስስ ነው፤ ሞተሩ ይደክመዋል» ሲል ሰማሁት። ለራሱ ነበር የሚናገረው። እኔ ግን ያቺን ቃል ይዤ ቤቴ ገባሁ።

ሸምሱን «ተው» ማለት ዘበት ነው። አልኩት እኮ። «ሉባባስ? ልጁስ? እኔስ?» አልኩት። «ልጄ አባቱ እንደሚበር አይቶ ይወለዳል» አለኝ። ማርቆስ የጎማውን ብረት በየደ፣ ክንፉ ደህና ነበር፣ ያች እሁድም መጣች። ጤዛው ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ተኝቷል፤ የመድኃኔዓለም ቅዳሴ ከሩቅ ይሰማል። ሠፈሩ ሁሉ ተሰልፎ መጥቷል። ሸምሱ ለዒድ የሰፋሁለትን ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ የማርቆስን የብየዳ መነጽር ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ሙሽራ መስሎ ቆሟል። ማርቆስ ብየዳውን አንድ በአንድ ጎትቶ፣ «ይዟል» አለ። ሸምሱ የሞተሩን ብሎኖች፣ ፕሮፔለሩን፣ ሽቦዎቹን ነካክቶ፣ «ይዟል» አለ። ከዚያ ወደኔ ዞረ።

«ዘይኑ?» አለኝ።

ወደ ክንፉ ሄድኩ። ጣቴን ከክሩ ስር አስገብቼ ሳብኩት፤ ገመድ ነው። ሌላኛውን ሳብኩ፤ ያው ነው። እጄ ስለሚያውቀው መሳብም አያስፈልገኝም ነበር። ቀና ስል ሉባባን አየኋት። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ሻሽዋን አፏ ላይ ጠቅጥቃዋለች፤ ዓይኗ ከኔ ጣቶች ላይ አይነቀልም።

«አልያዘም» አልኩ።

«ምን?» አለ ማርቆስ።

«ክሩ እየበሰበሰ ነው። ይላላል።»

ሸምሱ አየኝ። ክንፉ አጠገቡ ነው፤ እጁን ቢዘረጋ ይነካዋል። አልነካውም። መነጽሩን ከግንባሩ አወረደና ለማርቆስ ሰጠው። «እሺ» አለ። ከኋላ አንዱ «እኛማ ድሮም ብለናል!» ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ተዛመተ፤ ሰው እየተበተነ ወደ ቁርሱ ሄደ። ሉባባ ከድንጋዩ ተነስታ አቀፈችኝ፤ ጠይቃኝ አታውቅም፣ ነግሬያትም አላውቅም፤ እሷም ቀድማው አፈር ገባች።

በማግስቱ ሸምሱ ሱቄ መጣ። እኔ ጉርድ እየሰፋሁ ነበር፤ ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም። «ጥፋቱ የኔ ነው» አለኝ። «አንቺ ጠንካራውን ክር ግዛልኝ ስትይኝ እኔ ነኝ ርካሹን ያመጣሁት። አንቺ እጅሽ አይሰንፍም፤ እንዳይከፋሽ።» ይቅርታ ጠየቀኝ! ያኔ መናገር ነበረብኝ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን ሉባባ ትውለድ ብዬ ዋጥኩት። ስትወልድ ደግሞ ልጇ ፈቲያ ትጥና አልኩ። ቆይቶ ቢነገር የሚቀልል ነገር አለ፤ ይሄኛው ግን በዋለ ባደረ ቁጥር ከበደ። ሸምሱ ደብዳቤውን ለማሳደስ አንድ ሁለቴ ሄደ። የሚያውቀው ሰው ተቀይሮ ነበር፤ «ነገ ና» ተባለ። በዓመቱ ሜዳው ላይ ችካል ተተከለ፣ ከዚያ መሠረት ተቆፈረ፤ ሰማዩ ባለበት ቀረ፣ መነሻው ጠፋ። ዛሬ ያ ቦታ ላይ ፋርማሲ አለ፤ የደም ግፊት መድኃኒቴን የምገዛው ከዚያ ነው።

ሞተሩን አውጥቶ ለአንድ ሰማያዊ ቮልስ ገጠመው። መኪናዋ በሠፈሩ ስታልፍ ከመቶ መኪና መሃል ድምጿን ይለይና ሥራውን አቁሞ ይሰማታል። «ያቻት» ይላል። ማርቆስ አገሩ ገባ። ሸምሱ አርጅቶም ቢሆን በየሳምንቱ ሊጠይቀኝ ይመጣል፤ ሻይ እንጠጣለን፣ ስለ ኑሮ ውድነት እናማርራለን። ሲወጣ በር ላይ ይቆምና፣ «ሌላስ?» ይለኛል። ሰው ሁሉ የሚለው ቃል ነው፤ እሱ ግን ብሎ አይሄድም፣ ይጠብቃል። «ሌላ ምን አለ፣ ሰላም ነው» እለዋለሁ። ራሱን ነቅንቆ ይወጣል። አምና ሊሞት አካባቢ፣ ድምፁ ከአልጋው የማያልፍ ሲሆን፣ እጄን ይዞ «ሌላስ፣ ዘይኑ?» አለኝ። ፈቲያ አጠገባችን ነበረች፣ ጎረቤት ገብቶ ነበር፣ ምክንያት ሞልቷል። «ሌላ ምን አለ» አልኩት። ያ ነው የመጨረሻው ንግግራችን።

ቨርኒሹን ያሸተትኩ ዕለት ለፈቲያ ደወልኩላት። «ደግ ደወልሽ አክስቴ፤ ግቢው ውስጥ የሚከራዩ ክፍሎች ልንሠራ ስለሆነ የአባዬን መጋዘን እያጸዳን ነው። ቱቦውን ነገ ቆራሌው ይወስደዋል። ጣራው ስር በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አለ፤ ምን እንደሆነ አንቺ ታውቂ ይሆናል» አለችኝ። በነጋታው ሄድኩ። ክንፉ ነበር። አውርደው ግቢው መሃል ሁለት በርሜል ላይ አጋደሙልኝ። ጨርቁ ቡናማ ሆኗል፣ አንዱን ጥግ አይጥ በልቶታል። ዓይኔ እንደ ድሮው ስላልሆነ በጣቴ ነው ያነበብኩት። ቋጠሮ፣ አራት ጣት፣ ቋጠሮ፣ አራት ጣት። ሁሉም ወደ ቀኝ የዞረ፣ ሁሉም የኔ። የሉባባ ሳቅ ከስር የሚሰማኝ መሰለኝ።

ሦስተኛው ጎድን ላይ ጣቴ ቆመ። አንዱ ቋጠሮ ወደ ግራ የዞረ ነው። ፈቲያን በሞባይሏ አብሪልኝ አልኳት። የኔ ክር በምላጭ ተቆርጧል፤ ጫፎቹ ሁለቱም ጤነኛ ናቸው፣ የበሰበሰ ነገር የለባቸውም። በቦታው ሌላ ክር ገብቶ፣ በግራኝ እጅ ተቋጥሮ፣ በላዩ ቨርኒሽ ተቀብቶበታል። ከዚያ እሁድ በፊት ያንን ክንፍ ከኔ በቀር የቋጠረ ሰው አልነበረም። ሸምሱም ከዚያ ዓመት ወዲህ ቨርኒሽ ገዝቶ አያውቅም፤ የተረፈው ቆርቆሮው ውስጥ ደርቆ አይቼዋለሁ። ቆርጦ አይቶታል፤ በዚያው ዓመት፣ ምናልባትም በዚያው ሳምንት። የሠሪን ቃል የማይፈትሽ ሰው የኔን ቃል ፈትሾ፣ ውሸቴን በጣቱ ይዞ አይቶ፣ መልሶ ቋጥሮ ዝም አለ። ይቅርታ ሊጠይቀኝ ሱቄ የመጣ ዕለት ያውቅ ነበር ወይስ አያውቅም? ቢያውቅ፣ አንቺ እጅሽ አይሰንፍም ሲለኝ ምን ማለቱ ነበር? ያን ሁሉ ዘመን በሬ ላይ ቆሞ «ሌላስ?» ሲለኝ ይችን አንዲት ቃል ነበር የሚጠብቀው። በሰላም ሄዶ ይሆን፣ ወይስ እየጠበቀኝ?

ከጎኑ ያለውን የኔን ክር በሁለት እጄ ይዤ ባለኝ አቅም ሳብኩት። መዳፌን ቆረጠኝ እንጂ ንቅንቅ አላለም።

«አክስቴ፣ ምን ሆንሽ? ለምን ታለቅሻለሽ?» አለች ፈቲያ። በሆድ ሆና እዚያ ሜዳ ላይ የነበረችው ፈቲያ፣ ዛሬ የሁለት ልጆች እናት ናት። ከበር ውጭ ቆራሌው «የቤቱ ባለቤት!» እያለ ይጣራል። «ምን ልበለው? ክንፉንም ይውሰደው?»

«ይጠብቅ። አንቺ ግን እዚህ አጠገቤ ቁጭ በይ» አልኳት።

ተቀመጠች። እጄን ከክሩ ላይ ሳላነሳ፣ ለአባቷ ልነግረው የሚገባኝን ለእሷ ነገርኳት።

«ይዞ ነበር» አልኳት።